የእሜቴ የግራ በር

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የመኪና አካል የሚያቃና ባትላሜራ ሞልቷል። የተጨፈለቀ በር ምንም እንዳልሆነ አድርጎ የሚመልሰው ግን ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ባለባጃጁም ባለሚኒባሱም የሚጠቁማችሁ ወደ ኦይታ ነው። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። እጁ ወፍራም፣ ንግግሩ ቁጥብ፤ እሁድ እሁድ ከመዘምራኑ መካከል ቆሞ የቤተ ክርስቲያኑን መስኮት በድምፁ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው። ይህ ሰው የሚደብቀው አንድ ነገር ብቻ ነበረው። የሰረቀው ነገር የለም፤ የደበቃት ሴትም የለችም። የሚደብቀው አባቱን ነው።

አባቱ አንጁሎ ከዶርዜ አለፍ ብላ ካለች ብርዳም መንደር የሚኖር ቀጥቃጭ ነው። በዚያ አገር በዱሮው ልማድ ቀጥቃጭ የሠራውን ማረሻና ማጭድ ሁሉም ይወስዳል፤ ከቀጥቃጩ ጋር በአንድ ዋንጫ የሚጠጣ ግን የለም። አገሬው ማጭዱን ወዶ እጁን ይጠየፋል። ስለዚህ አንጁሎ የትም ሲሄድ የቆርቆሮ ኩባያውን በከረጢቱ ይዞ ነው። ውሃ የሚሰጠው ሰው ሲያገኝ ኩባያውን አውጥቶ ዘርጋ ያደርጋል፣ ሰጪው ሳይነካው ከላይ ይቀዳለታል። በቤቱ መደርደሪያ ላይ ደግሞ አበባ የተሳለባት አንዲት ብርጭቆ አለች። ወንጌላዊም ይሁን የግብርና ሠራተኛ ድንገት ከመጣ፣ «የእኛ አፍ አልነካትም» ተብሎ የሚቀርብለት በእሷ ነው። ኦይታ በሰባት ዓመቱ በዚያች ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ እናቱ በለበቅ ገርፋዋለች፤ «ይህ የእንግዳ ነው! አንተ እንግዳ ነህ ወይ?» እያለች።

ለትምህርት ወደ አርባ ምንጭ የወረደ ጊዜ «አባትህ ምን ይሠራል?» ሲሉት «ገበሬ ነው» አለ። የልጅ ውሸት ነበር፤ ማንም አይፈርድበትም። ግን የልጅነት ሱሪ ሲጠብ ይጣላል፣ ይህ ውሸት ከእሱ ጋር አብሮ አደገ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አለፈ። ከተማው ውስጥ ማን የማን ልጅ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ፤ ተማሪው ከየአገሩ መጣ፣ ነጋዴው ተቀላቀለ፣ ፓስተሩም በመድረክ ላይ «በክርስቶስ ሁላችን አንድ ነን» እያለ ሰበከ። ኦይታ «አሜን» ይላል፤ ወደ አባቱ የሚሄደው ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሰው በማያየው ቀን ነው። ሚስቱ ሄራን ብቻ ታውቃለች፣ ወይም እሱ እንዲያ ይመስለዋል። እሷም «ንገራቸው» ማለት ከሰለቻት ቆይቷል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ እያለ ነው አቶ ክብሩ አንዲት አሮጌ መኪና በጭነት መኪና አስጭነው ያመጡት።

አቶ ክብሩ ባለሆቴል ናቸው፤ ስልሳውን ያለፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። አባታቸው በምዕራብ ዓባያ ትልቅ የጥጥ እርሻ ነበራቸው፤ መኪናዋም የእሳቸው ነበረች። ባለ ክንፍ መርሰዲስ ናት፣ በንጉሡ ዘመን የገባች፣ በአገሩ ሁለተኛዋ ትኑር አትኑር የማይታወቅ። አብዮቱ ሲመጣ ተወሰደች። አንዱ መሥሪያ ቤት ነዳት፣ ሌላው ገፋት፣ በመጨረሻ ሙዝ እርሻ ውስጥ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተጣለች። ሲያወርዷት የኋላ ወንበሯ ውስጥ ዶሮ ታቅፋ ነበር። ወለሉ በዝገት ተበልቶ መሬቱ ይታያል፤ የፊት ፍርግርጓ ተነቅሎ የት እንደገባ አይታወቅም፣ በዚያ ምክንያት ጥርሷ የረገፈ አሮጊት መስላለች። ቀለም ቀቢው ዲሪባ፣ የኦይታ የሥራ ባልደረባ፣ ዙሪያዋን ሁለቴ ዞሮ ኮፍያውን አወለቀ።

«እሜቴ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ እሜቴ ሆነ።

«እንደ ድሮዋ ትሆናለች?» አሉ አቶ ክብሩ።

«ትሆናለች ጋሽ ክብሩ» አለ ኦይታ።

«ቸኩለህ አትመልስልኝ። መጀመሪያ ፈታትተህ እያት። በተለይ በሮቿን ተመልከታቸው።»

ኦይታ ፈታታት። በሦስተኛው ቀን የግራውን የኋላ በር ሲነቅል እጁ ቀጥ አለ። የሌሎቹ በሮች ማጠፊያ ሁሉ ከፋብሪካ የወጣ፣ አንድ ዓይነት ነው። የዚህኛው የላይኛው ማጠፊያ ግን በእጅ የተቀጠቀጠ ነበር። ሌሎቹ ዝገት ሲበላቸው ይህ ሳይነካ ቆይቷል፤ ጫፉም ላይ ሦስት የመብሻ ነጥቦች አሉ፣ ሁለት ከታች፣ አንድ ከላይ። ኦይታ እነዚያን ነጥቦች መቁጠር ከመማሩ በፊት ያውቃቸዋል። አባቱ በሚሠራው ማረሻ ሁሉ ላይ አሉ።

«ምን አገኘህ?» አለው ዲሪባ።

«ምንም። አሮጌ ማጠፊያ ነው» አለና በጨርቅ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ማታ ቤቱ ሲገባ አልጋው ላይ ተቀምጦ ፈታው። ኮራ፤ እውነቱን ለመናገር እንባ እስኪመጣበት ነው የኮራው። ወዲያው ደግሞ የኮራው ተደብቆ መሆኑ አሳፈረው። በማግስቱ ማጠፊያውን አጽድቶ ወደ ቦታው መለሰው፣ ለማንም ግን ምንም አልተናገረም።

ወለሉን ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደው። ሞተሯ አዲስ አበባ ሄዶ ታድሶ መጣ። ወንበሮቿን ቆዳ አለበሱ። ፍርግርጉ ግን እንቢ አለ። ከውጭ አገር ሁለት ጊዜ ተሞክሮ አልተገኘም። ኦይታ ራሱ ሊሠራው ተነሣ፤ ቀጭኑ ብረት እሳት ሲነካው ይጣመማል፣ ሲያቃናው ይሰነጠቃል። አራት ጊዜ ሠርቶ አራት ጊዜ ጣለው። አቶ ክብሩ መጥተው የተጣለውን ክምር አዩ።

«ብየዳ የማያውቁ አባቶቻችን ይህን እንዴት ይሠሩት ነበር?» አሉ፤ አተኩረውም አዩት። «ከደጋው እጁ የሚችል ሰው አይጠፋም። አንተ ታውቅ ይሆናል።»

ኦይታ ጆሮው ድረስ ጋለ። «አፈላልጋለሁ» አለ።

አንጁሎ እንዲመጣ ሲላክበት አልጠየቀም፣ አላቅማማም። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። መዶሻዎቹን በከረጢት፣ ትንሿን የቆዳ ወናፉን በትከሻው አድርጎ ከሚኒባስ ወረደ። ልጁ ጠራው፣ በቃ፤ ለእሱ ዓመት በዓል ነው። ጋራዡ በር ላይ ዲሪባ ተቀበላቸውና ሽማግሌውን ጎንበስ ብሎ ጨበጠው።

«እኚህ አባት ማን ናቸው?»

ኦይታ አፉን ከፈተ። እዚህ ላይ ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። «ከደጋ ያስመጣሁት ቀጥቃጭ ነው» አለ።

አንጁሎ አማርኛው ትንሽ ነው። ገባውም አልገባውም ፈገግ ብሎ ወናፉን አወረደ።

ለሥራው ጥግ ፈልጎ ኦይታ ከኋላ፣ ከተወጠረ ሸራ ጀርባ አስቀመጠው። ጥላ ስላለው ነው አለ። እናንተም እኔም እናውቃለን፣ ጥላ ፈልጎ አይደለም። ሽማግሌው ግን ከሸራው ጀርባ ሆኖ ጉድ ሠራ። ላሜራውን በከሰል ለስለስ አድርጎ፣ በእንጨት መዶሻ እያባበለ፣ ስንጥር በስንጥር ሃያ ስድስት ዘንግ አወጣ። አንዱ ከሌላው የፀጉር ያህል አይበልጥም። አንድ ቀን ከሸራው ወጣ ብሎ ኦይታ የጨረሰውን የቀኝ በር በጣቱ አንኳኳና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ይህ ጭቃ ነው» አለ በጋሞኛ። «ብረቱ የት ሄደ?»

ኦይታ በሩ ላይ ስቱኮ ለጥፎ ነበር፣ ጉድጓዱን ቀጥቅጦ ማውጣት ቢያቅተው በስቱኮ ሞልቶ ፏ አድርጎ ቀብቶታል። ከተማው ሁሉ የሚሠራው እንዲያ ነው። ሽማግሌው ሳይቆጣ ስቱኮውን ፍቆ፣ ከውስጥ በኩል በመዶሻ ቀስ በቀስ እየገፋ በሩን በብረቱ ብቻ አቃናው። ኦይታ አጠገቡ ቆሞ መብራት ያዘለት፤ በዓመታት ውስጥ አባትና ልጅ አብረው የሠሩት ያን ቀን ብቻ ነው። ቢጠይቁት ደስተኛው ቀኑ ነው ይል ነበር፤ ግን ማን ይጠይቀዋል፣ አባት እንዳለው ማን ያውቃል?

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ሙቀቱ በረታ። የዓባያ ነፋስ እንኳ ቀጥ ብሏል። አንጁሎ ኩባያውን አውጥቶ ዘረጋ፣ ዲሪባ ከጀሪካኑ ቀዳለት። ሽማግሌው ጠጥቶ ኩባያውን ከማስቀመጡ ዲሪባ እጁን ሰደደ።

«አባባ፣ ይቺን ላንድ ጊዜ ያውሱኝ» አለና በዚያችው ኩባያ ሞልቶ ቀድቶ ግጥም አድርጎ ጠጣ። አፉን በክንዱ ጠርጎ ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

ዲሪባ የሌላ አገር ሰው ነው፣ ምን እንዳደረገ አላወቀም። አንጁሎ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ አገላብጦ አየው። ከዚያ ሳቀ፣ ሲስቅ ደግሞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ኦይታ ከመኪናዋ ጀርባ ሆኖ ሁሉንም አየ። እሱ ከተማ ከገባ ጀምሮ በዚያ ኩባያ አልጠጣም። ሰው ያየኛል ብሎ፣ ሰው የሌለ ጊዜም ከልማድ የተነሣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። ያን ጊዜ ሄዶ «ዲሪባ፣ አባቴ እኮ ነው» ቢል ምን ነበረበት? ዛሬ ሥራ አለ፣ ነገ እነግረዋለሁ አለ። ነገ ደግሞ ሌላ ነገ ወለደ።

እሜቴ አለቀች። ጥቁር ሰማያዊ ተቀባች፤ ፍርግርጓ አዲስ አበባ ሄዶ በክሮም ተነክሮ እንደ መስታወት አብረቅርቆ ተመለሰ። አቶ ክብሩ በሆቴላቸው ግቢ ቅዳሜ ከሰዓት ምርቃት አዘጋጁ። «የሠራችሁ ሁሉ ኑ፤ ያ ሽማግሌ እንዳይቀር» ብለው ሁለት ጊዜ ላኩ። ነጋዴው፣ ፓስተሩ፣ የቀበሌው ሰው፣ መምህራኑ ሞልተው ተቀመጡ። ከፊት መደዳ መካከል አንድ ወንበር ባዶ ነበር። ኦይታ ኮት ለብሶ ከመኪናዋ አጠገብ ቆመ። አንጁሎ ከኋላ፣ ከጄኔሬተሩ ቤት ጥግ፣ ከረጢቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እዚያ ያስቀመጠው ኦይታ ነው።

አቶ ክብሩ ማይክራፎኑን ያዙ። በግራ ክንዳቸው ላይ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለው የዶርዜ ዱንጉዛ፣ ለሽማግሌዎች ክብር የሚለበሰው ዓይነት፣ ተጣጥፎ ተንጠልጥሏል። ኦይታ ጨርቁን አየና ልቡ ሞቀ። ለእኔ ነው አለ በሆዱ። ኮቱን አስተካክሎ ትከሻውን ሰፋ አደረገ።

«እሜቴን ሁላችሁም አያችኋት» አሉ አቶ ክብሩ። «በሮቿን አንኳኩ፣ ብረት ናቸው። ይህ ፍርግርግ ደግሞ በጀርመን አገርም ዛሬ የለም። የማን እጅ እንደሆነ እኔ አልናገርም። ኦይታ ይንገረን።»

ማይክራፎኑ ወደ ኦይታ መጣ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ፣ እኔና ባልደረቦቼ ነን የሠራነው። ሁላችንም ለፍተናል።»

«ፍርግርጉንስ?» አሉ አቶ ክብሩ፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«ለእሱ አንድ ሰው ከደጋ አምጥተን ነበር።»

«ሰውየው እዚህ አለ?»

«አለ። ያውላችሁ፣ እዚያ ጥግ።»

«ምንህ ነው?»

በዚህ ጊዜ ግቢው ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ለምን እንደሆነ ኦይታ አልገባውም። የታየው የፓስተሩ መነጽር ነበር፣ የቀበሌው ሰው ነበር፣ ሠላሳ ዓመት ተሸክሞት የመጣው «ገበሬ ነው» ነበር። አሁን እውነቱን ቢል ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውሸታም እንደነበር መናገር ነው። ከአባቱ ስም የሚብስ ያ ሆነበት።

«የቀን ሠራተኛዬ ነው» አለ።

አቶ ክብሩ ወደ ጥጉ ዞሩ። «እውነት ነው አባቴ?»

አንጁሎ ቀስ ብሎ ተነሣ። ባርኔጣውን አወለቀ። ልጁን ከሩቅ አየው፤ ኮት የለበሰውን፣ ላብ ያጠመቀውን፣ ዓይኑን የት እንደሚያደርግ የጠፋውን ልጁን። የማያውቀው አማርኛ ሁሉ ያን ቀን ገባው።

«እውነት ነው ጌታዬ» አለ። «እኔ የእሱ ሠራተኛ ነው። እሱ ጥሩ አሠሪ ነው።»

የሚገርመው ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላጨበጨበም። መደዳው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን ያይ ጀመር። ፓስተሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አቶ ክብሩ ጨርቁን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩና «እንግዲህ ማዕድ ቀርቧል» አሉ፣ በቃ። ዲሪባ ሳህኑን ይዞ ከሽማግሌው አጠገብ ሄዶ ሊቀመጥ ሲል አንጁሎ የለም። ከረጢቱን አንሥቶ ወደ መናኸሪያ ሄዷል።

ሰው ሲበተን አቶ ክብሩ ኦይታን ወደ እሜቴ ወሰዱት። የግራውን የኋላ በር ከፍተው ማጠፊያውን በአውራ ጣታቸው ነኩ።

«ዘጠኝ ዓመቴ ነበር» አሉ። «ይህ ማጠፊያ ጨንቻ መውጫ ላይ ተሰበረ። አንድ ወጣት ቀጥቃጭ ከመንገድ ዳር አገኘን፤ እዚያው ሠርቶ ገጠመው። ፀሐይ ነበር፤ ውሃ ጠየቀ። አባቴ 'በብርጭቆ እንዳትሰጠው' አለኝ። ቅጠል ቆርጬ፣ ጠቅልዬ፣ በቅጠል ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ያን ቅጠል እስከ ዛሬ በእጄ ላይ አየዋለሁ።»

ኦይታ የበሩን ጠርዝ ያዘ።

«ሥራውን ለአንተ የሰጠሁት ለምን መሰለህ? ባትላሜራ ጠፍቶ ነው? የፊተኛው ባዶ ወንበር የአባትህ ነበር። ጨርቁም የእሱ ነበር። ከምርቃቱ በኋላ በእሜቴ የኋላ ወንበር አስቀምጠን ቤቱ ድረስ ልንሸኘው ነበር።»

«ያውቁ ነበር?» አለ ኦይታ።

«ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ዲሪባ እንኳ የግንባራችሁን መመሳሰል አይቶ በሁለተኛው ቀን ጠየቀኝ። ማንም ያላነሣብህ አንተ እስክትነግረን ብለን ነው።»

«ታዲያ ለምን እርስዎ አልተናገሩም? ጨርቁን ለምን አላለበሱትም?»

«አባትህ ሊሸፍንህ ተነሣ» አሉ አቶ ክብሩ። «እሱ የሸፈነውን እኔ ልግለጠው?» ጨርቁንና የእሜቴን ቁልፍ እጁ ላይ አኖሩለት። «አንተ አድርስለት።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ለኦይታ ግን ቆጡም ላይ ምንም አልነበረም፤ የደበቀው ምስጢር ከእሱ በቀር ለሁሉም የተገለጠ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሸሸው ከማንም አልነበረም። ውሸቱ ያቆሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው አሁን በሚኒባስ ተጨናንቆ ሽቅብ እየወጣ ነው። ኦይታ እሜቴ ውስጥ ገብቶ መሪው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማልቀሱም አሳፈረው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። መዝሙሩን ትቶ እሜቴን አስነሥቶ ወጣ። የዶርዜን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣው አልተነፈሰችም፣ አንድ ነገር አልተንኳኳባትም። ሸማ የያዙ ልጆች ከሁለቱም ወገን እየሮጡ አጀቧት። የኋላ ወንበሯ ላይ ዱንጉዛው ብቻውን ተቀምጧል። ኦይታ በመስታወቱ ባየው ቁጥር መንገዱ ይደበዝዝበት ነበር።

መንደሩ ሲደርስ ሰው ሁሉ ከየአጥሩ ብቅ አለ። ኦይታ በዚያች መኪና፣ በዚያ ኮት፣ በፀሐይ ብርሃን፣ በአባቱ ደጅ ቆመ። ሰው ሁሉ እንዲያየው ነበር የመጣው። አንዲት ጎረቤት «አንጁሎ፣ ይህ ጌታ ማን ነው?» ብላ ጮኸች።

አንጁሎ ከቤቱ በር ላይ ነበር። ልጁን አየ፣ መኪናዋን አየ። «ከከተማ የመጣ እንግዳ ነው» አላት። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ልጁ ትናንት የመረጠውን ነገር ለልጁ እየጠበቀለት ነው። ኦይታ «ልጁ ነኝ!» ሊል ፈለገ፣ ግን አላለም። ዝም ማለትን በለመደ አፍ እውነት ቶሎ አይወጣም። ጎረቤቷ ራሷን ነቅንቃ ወደ ቤቷ ገባች።

ውስጥ ገቡ። ኦይታ ጨርቁን ዘርግቶ በአባቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ። ተንበረከከ። ይቅር በለኝ አለ፤ በጋሞኛ አለው፤ ደግሞ ደጋግሞ አለው። አንጁሎ ጥለቱን በጣቱ ዳበሰ፣ ጥሩ ሸማኔ ነው አለ፣ አውልቆም አጣጥፎ አልጋው ላይ አስቀመጠው።

«ተነሥ፣ ከሩቅ መጥተሃል» አለው። «ውሃ ጠምቶሃል።»

የቆርቆሮው ኩባያ ምድጃው አጠገብ ነበር። ኦይታ እጁን ወደ እሱ ሰደደ። ሽማግሌው ቀድሞት ወደ መደርደሪያው ተንጠራራ፣ አንድ ነገር አወረደ፣ በነጠላው ጫፍ ወለወለና ልጁ እጅ ላይ አኖረው። ኦይታ አበባውን አየ።

«አባ፣ ይቺ የእንግዳ ናት» አለ።

«አውቃለሁ» አለ አንጁሎ። እንስራውንም አንሥቶ፣ ብርጭቆዋን ሳያስነካ፣ ከላይ ቀዳለት።